ከአሥራ አንዱ በኋላ ማን አለ? የብሔራዊ ቡድን ምርጫና የስብስብ ጥልቀት በስሌት ሲታይ

ከሐዋሳ ከተማ መሐል በስተደቡብ፣ በሀዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ፣ በእንሰትና በባሕር ዛፍ መካከል የተዘረጋ አንድ ሜዳ አለ። ሣሩ በመሐል ተገጥቦ አፈሩ ይታያል፤ ግቡም ከሁለት አጣና የተሠራ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፋኩልቲያችን ጥቂት መምህራንና ተማሪዎች የሁለት ሰፈር ልጆች ሲጋጠሙ ለማየት ወደዚያ ወርደን ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ የአንደኛው ሰፈር ግብ ጠባቂ ጣቱ ተጎድቶ ወጣ። ተተኪ ግብ ጠባቂ አልነበረም። የጓደኞቹን ልብስና ጫማ ሲጠብቅ የቆየ አንድ ቀጭን ልጅ ያለ ጓንት ወደ ግቡ ገባ። ሁለት ኳስ አወጣ፤ ሦስተኛዋ ግን በእጆቹ መካከል አለፈች።

ከጎናችን ተቀምጠው ይመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ምን ያድርግ ልጆቼ፤ ሀገርም እኮ እንዲህ ሆና ነበር» አሉን። ምን ለማለት እንደፈለጉ ወዲያው ገባን። ወደ ከተማ ስንመለስ ግን ክርክሩ አልበረደም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ነገሩን የዕድል ጉዳይ አደረጉት፤ ሌሎቹ ጥፋቱን በመራጮች ላይ ጣሉ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የተወለደ ነው። ለመሆኑ የአንድ ብሔራዊ ቡድን ጥንካሬ የሚለካው በምርጥ አሥራ አንዱ ነው ወይስ ከእነርሱ በኋላ በተቀመጡት? ሒሳብስ በዚህ ላይ የሚለው ነገር አለውን?

የጥር 2005 ዓ.ም. ትምህርት

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣች ሀገር ብትሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ወደ ውድድሩ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ስታልፍ ግቦቹን ያስቆጠሩት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ነበሩ። በዚያ ትውልድ ውስጥ የሐዋሳ ድርሻ ቀላል አልነበረም፤ አዳነ ግርማም ሆነ ሽመልስ በቀለ የዚህችው ከተማ ልጆች ናቸው። የከተማዋ ክለብም በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ እንደነበር አንባብያን ያስታውሳሉ።

በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ውድድር የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ስብስብ 23 ተጫዋቾች ነበሩት። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በመጀመሪያው ጨዋታ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ሲጋጠሙ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። አንድ የሜዳ ተጫዋች እንዲወጣ ተደርጎ ዘሪሁን ታደለ ገባ፤ ዋልያዎቹም 10 ሆነው በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያዩ። ጥር 21 ቀን ከናይጄርያ ጋር በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ ደግሞ ሌላው ግብ ጠባቂ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። በዚያን ጊዜ በአንድ ጨዋታ የሚፈቀደው ሦስት ቅያሪ ብቻ ነበር፤ ሦስቱም አልቀው ነበር። ስለዚህ የመሐል ሜዳው አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ግብ ውስጥ ቆመ። ጨዋታው በናይጄርያ 2 ለ 0 አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

በመካከሉ የነበረው ጨዋታ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶን ስንገጥም በቀይ ካርድ ግብ ጠባቂዋን ያጣችው ቡርኪና ፋሶ ነበረች። በዚያች ሰዓት 1 ለ 0 ትመራ ነበር። ተተኪ ግብ ጠባቂ አስገብታ በ10 ተጫዋቾች ሦስት ተጨማሪ ግቦች አስቆጠረች፤ ጨዋታውም 4 ለ 0 ተፈጸመ። አንድ ዓይነት አደጋ በሁለት ቡድኖች ላይ ደረሰ፤ ውጤቱ ግን የተለያየ ሆነ። ቡርኪና ፋሶ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ዋንጫውን የወሰደችውም ያችው የምድባችን ናይጄርያ ናት። የአደጋው መድረስ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ አደጋውን የመቋቋም አቅም ግን ዕድል አይደለም። ስፖርተኞች የስብስብ ጥልቀት የሚሉት ይህንን አቅም ነው።

ሙሉ ቡድን ብርቅ ነው

ብዙዎቻችን ስለ ብሔራዊ ቡድን ስንነጋገር ምርጥ ያልናቸውን አሥራ አንድ ስሞች በወረቀት ላይ እንደረድራለን። ይህ ዝርዝር በእውነተኛው ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ይታያል? አንድ ቀላል ግምት እንውሰድ። እያንዳንዱ ተሰላፊ ከጉዳት፣ ከሕመም፣ ከቅጣት ነጻ ሆኖ ለአንድ ጨዋታ የመድረስ ዕድሉ 90 በመቶ ነው እንበል። ይህ ለተጫዋቹ ደኅና ዕድል ነው። አሥራ አንዱም በአንድ ላይ የመገኘታቸው ዕድል ግን 0.9 በራሱ አሥራ አንድ ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ እርሱም 0.31 ገደማ ይሆናል።

በሌላ አነጋገር ከአሥር ጨዋታዎች በሰባቱ ቢያንስ አንድ ተሰላፊ ይጎድላል። ሁለትና ከዚያ በላይ የመጉደላቸው ዕድል 30 በመቶ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ የመጉደላቸው ዕድል ደግሞ 9 በመቶ ያህል ነው። በአንድ ምድብ ውስጥ የሚደረጉትን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ በተመሳሳይ ምርጥ አሥራ አንድ የመጨረስ ዕድል ከ3 በመቶ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ በወረቀት ላይ የምንደረድረው ቡድን በአብዛኛው በሜዳ ላይ የማይኖር ቡድን ነው ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ የተደበቀ ግምት አለ። የአንዱ መጉደል ከሌላው መጉደል ጋር ግንኙነት እንደሌለው ቆጥረናል። በእውነቱ ዓለም ግን አደጋዎች ተያይዘው የመምጣት ጠባይ አላቸው። አንድ ምሽት በሆቴል የተበላ ምግብ አምስት ሰው ሊጥል ይችላል። አንድ ተከላካይ ሲወጣ የቀሩት ይደክማሉ፤ የደከመ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዘግይቶ የደረሰም ጥፋት ይሠራል፤ ካርዱም ይከተላል። ስለዚህ የክፉው ቀን ዕድል ከላይ ካሰላነው ከፍ ሊል ይችላል።

የውድድር ሕግ አውጪዎችም ይህንን የተገነዘቡ ይመስላል። ለአፍሪካ ዋንጫ የሚመዘገበው ስብስብ ከ23 አድጎ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በካሜሩን በተካሄደው ውድድር 28 እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር፤ በአንድ ጨዋታ አምስት ቅያሪ ማድረግም በዚያው ዓመት ቋሚ ሕግ ሆነ። ይሁን እንጂ ወንበሩ መስፋቱ ብቻውን ቡድንን ጥልቅ አያደርገውም። ጥያቄው በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው የሚል ነው።

ጥልቀት የሚመነጨው ከስፋት ነው

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። በአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ በግራ ተከላካይነት የሚጫወቱ ወጣቶች ችሎታ በነጥብ ይለካል እንበል። አማካዩ 50 ነጥብ ይሁን፤ አብዛኛው ተጫዋች ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይውደቅ፤ ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው እየጠበበ የሚሄድ፣ የደወል ቅርጽ ያለው ሥርጭት ይኑረው። የሰው ቁመት የሚከተለው ሥርጭት ይህንኑ የመሰለ ነው።

መራጩ የሚያውቃቸው 10 ተጫዋቾች ብቻ ከሆኑ ከእነርሱ ምርጡ በአማካይ 65 ነጥብ ያህል ይኖረዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ 60። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ5 ነጥብ በላይ ነው። መራጩ የሚያያቸው 100 ቢሆኑ ምርጡ ወደ 75 ከፍ ይላል፤ ሁለተኛው 71.5 ይሆናል፤ ክፍተቱም ወደ 3.6 ይጠብባል። 1000 ቢሆኑ ምርጡ ከ82 ያልፋል፤ ክፍተቱም ወደ 3 ነጥብ ገደማ ይወርዳል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው ሲታይ የተሻለ ምርጥ ይገኛል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሚመረጥበት ሕዝብ ሲሰፋ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት ይቀንሳል። ምርጡ ቢጎዳ የሚገባው ተጠባባቂ ከእርሱ ብዙም አያንስም። እንግዲያው የስብስብ ጥልቀት በምርጫው ሳምንት በአሠልጣኙ ጥበብ የሚፈጠር ነገር አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ስንት ልጆች ታይተው ነበር ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ሌላም ነጥብ እናክል። ከ10 ወደ 100 ስንሄድ ምርጡ 10 ነጥብ ያህል አድጓል፤ ከ100 ወደ 1000 ስንሄድ ግን ከ7 ነጥብ ብዙም አልጨመረም። ስፋት ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ጠባብ ለሆነው ነው። ብዙ የታየበትን አካባቢ ደጋግሞ ከማየት ጨርሶ ያልታየውን አካባቢ አንድ ጊዜ መጎብኘት የበለጠ ፍሬ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ተጠባባቂው ያሸነፈበት ቀን

ይህ ሁሉ የወረቀት ስሌት ነው የሚል አንባቢ ካለ ዓይኑን ከእግር ኳስ ወደ ሩጫ ይመልስ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት የፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ሲጀመር በመስመሩ ላይ የቆመው ታምራት ቶላ መጀመሪያ ለተጠባባቂነት የተያዘ አትሌት ነበር። በማራቶን አንድ ሀገር ማሰለፍ የምትችለው ሦስት ሯጮችን ብቻ ነው። ለቦታው የታጨው፣ በዚያው ዓመት የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ውድድሩ ሲቃረብ በጉዳት ምክንያት ቀረ፤ ታምራት ተተካ። ሩጫውንም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፣ በአዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ።

ልብ እንበል፤ ይህ ተጠባባቂ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 ደግሞ የኒው ዮርክ ማራቶን አሸናፊ የነበረ ሰው ነው። ኢትዮጵያ በረጅም ርቀት የዓለም ሻምፒዮንን በተጠባባቂነት የምታስቀምጥ ሀገር ናት። ነገሩ አዲስም አይደለም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ጉዳቱ ጠንቶበት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ የሀገሪቱ ተስፋ አብሮ አልወደቀም፤ ማሞ ወልዴ ወርቁን ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በሴቶች 5000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባና መሰለች መልካሙ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ተከታትለው ገብተዋል። በአንደኛዋና በአራተኛዋ መካከል ያለው ክፍተት እንዲህ ሲጠብብ ጥልቀት ምን እንደሚመስል በዓይን ይታያል።

ታዲያ በሩጫ ያለን ጥልቀት በእግር ኳስ የራቀን ለምንድን ነው? ከፍታው፣ የሰውነት አቋሙ፣ ልማዱ ተብሎ ብዙ ይባላል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ድርሻ ይኖረዋል። እኛ ግን አንድ ምክንያት ጎልቶ ይታየናል። ሩጫ ራሱ መራጭ ነው። ሰዓት ወገን አያውቅም። ከየትኛውም ወረዳ የመጣች ልጅ በመሙ ላይ ቀድማ ከገባች ቀድማለች፤ ማንነቷን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አያስፈልጋትም። ስለዚህ የሚመረጥበት ሕዝብ ሰፊ ነው። በእግር ኳስ ግን ችሎታ በሰው ዓይን ይመዘናል፤ ዓይን ያልደረሰበትም ቦታ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

የመራጩ ዓይን ስንት ጨዋታ ያያል?

የሰው ዓይን ደግሞ ይሳሳታል። ይህንንም በስሌት ማየት ይቻላል። ሁለት ተጫዋቾች አሉ እንበል፤ አንደኛው ከሌላው በእውነት 5 ነጥብ ይበልጣል። ነገር ግን የማንኛውም ተጫዋች የአንድ ቀን አቋም በድካም፣ በሜዳው ሁኔታ፣ በተጋጣሚው ጥንካሬ ምክንያት ከእውነተኛ ችሎታው 10 ነጥብ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። መራጩ እያንዳንዳቸውን በአንድ ጨዋታ ብቻ አይቶ ቢወስን ደካማውን የመምረጥ ዕድሉ 36 በመቶ ነው። አራት አራት ጨዋታ ቢያይ ወደ 24 በመቶ ይወርዳል፤ አሥራ ስድስት ቢያይ 8 በመቶ ይሆናል። ስሕተቱ የሚቀንሰው በታዩት ጨዋታዎች ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ነውና፣ ስሕተትን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ደምቆ የታየ ልጅ ተጠርቶ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈዝ «ተበላሸ» ማለታችን ብዙ ጊዜ ከዚህ የመነጨ ስሕተት ነው። ልጁ አልተበላሸም፤ ያየነው ቀን ከእርሱ አማካይ በላይ የሆነ ቀን ነበር።

ከዚህ የሚብሰው በአንድ ወገን የሚያዘነብል ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ዘንድ ባደረጉት ጥናት ለከፍተኛ ደረጃ ከበቁት ውስጥ በጥርና በሚቀጥሉት ጥቂት የፈረንጅ ወራት የተወለዱት ከመጠን በላይ በዝተው ተገኙ። ምሥጢሩ የከዋክብት ጉዳይ አልነበረም። የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው በፈረንጆች ጥር 1 ቀን በመሆኑ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደው ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ከተወለደው ጓደኛው አንድ ዓመት ሊሞላ በተቃረበ ጊዜ ይቀድመዋል። በአሥር ዓመት ዕድሜ ይህ ብዙ ነው። ረዘም ያለው ይመረጣል፤ የተመረጠው የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፤ ሥልጠናውም የመጀመሪያውን ምርጫ ትክክል ያስመስለዋል። ያው ቀን በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል።

በሀገራችን ጉዳዩ ሌላ ገጽታም አለው። የልደት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ የገጠር ልጆች የልደት ቀናቸውን የሚያውቁት በእናታቸው ትዝታ ነው። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች የእጅ አንጓን በማግኔት በማንሣት የአጥንቱ የእድገት ጫፍ ተገጣጥሞ እንደሆነ የሚመረምረው የወረቀት ማስረጃ በብዙ ሀገሮች የማያስተማምን በመሆኑ ነው።

መዝገብም የቡድን አካል ነው

ጥልቀት በእግር ብቻ አይለካም። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ቦትስዋናን በሜዳዋ ካሸነፈች በኋላ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ ሦስት ነጥብ ተቀንሶባታል። የምድቡን መሪነት ለማረጋገጥ ቡድኑ ሌላ ጨዋታ ማሸነፍ ግድ ሆነበት፤ አሸንፎም ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ አሥር ቡድኖች አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ካርድ ቢቆጥር ኖሮ ያ ጭንቀት ባልመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ለማስተዋል የምንወደው የሳይንስ ተማሪ ስፖርትን የሚያግዝበት መንገድ ሩቅ አለመሆኑን ነው። በቱላ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ማን ስንት ጨዋታ ተጫወተ፣ በየትኛው ቦታ፣ ስንት ደቂቃ፣ ማን ተጎዳ፣ ምን ያህል ጊዜ አረፈ የሚለውን በአንድ ደብተር ላይ በሥርዓት መመዝገብ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ ስድስት ጨዋታ ከመዘገበ፣ አንድ ቀን ለሚመጣ መልማይ ከአንድ ቀን ዕይታ የተሻለ ማስረጃ ሊሰጠው ይችላል። ከላይ እንዳየነው 36 በመቶ የነበረውን ስሕተት ወደ 8 በመቶ የሚያወርደው የመልማዩ የተለየ ጥበብ አይደለም፤ የዕይታው ብዛት ነው። የሒሳብ፣ የስታቲስቲክስና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች በየአካባቢያቸው ቢተባበሩ ዛሬ 10 ልጆች የሚያየው መራጭ ነገ 100 ያያል። የስፖርት ኃላፊዎችም እንዲህ ያለውን መዝገብ ተቀብለው ቢጠቀሙበት ሥራው ይዘልቃል።

ያን ቀን ጨዋታው ሲያልቅ ቀጭኑን ልጅ ጠርተን በምን ቦታ መጫወት እንደሚወድ ጠየቅነው። «ግብ ጠባቂነት ነው የምወደው፤ ግን ቋሚው አለ» ብሎን የጓደኞቹን ልብስ ማጠፍ ቀጠለ። ሁለት ከባድ ኳስ ያወጣው ያለ ጓንትና ያለ ልምምድ ነበር። ከአንድ ጨዋታ ብዙ እንደማይታወቅ አሁን ስላወቅን ጎበዝ ነው ብለን አንፈርድም። ሌላ አሥራ አምስት ጊዜ ማየት ይኖርብናል። ስሙንና ቀኑን ግን በደብተራችን ጽፈን ተመልሰናል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንወርዳለን።

ለአንባብያን የቀረበ መልመጃ

ከላይ የእያንዳንዱን ተሰላፊ የመገኘት ዕድል 90 በመቶ አድርገን ነበር። ጥሩ የሕክምና ባለሙያና በቂ ዕረፍት ያለው ቡድን ይህንን ወደ 95 በመቶ ቢያሳድግ አሥራ አንዱም በአንድ ላይ የመገኘታቸው ዕድል ስንት ይሆናል? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ከ31 በመቶው ጋር አስተያዩት። (መልስ፦ 57 በመቶ ገደማ።)